ብቻችሁን ኢስታንቡል ስትሄዱ ከአዲስ ጓደኞች ጋር ከተማዋን የምታዩበት መንገድ

ለዕቃ ግዢም ይሁን ለሽርሽር ኢስታንቡል የሚሄድ ሰው ሲያገኘኝ ጥያቄው አንድ ነው። «ብቻዬን ነኝ። እዚያ ከምተዋወቃቸው ሰዎች ጋር ብዞር አያሰጋም? ደግሞስ ከየት ነው የምጀምረው?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ ሙሉውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

አዲስ ሰው ይዞ ከተማ ማየት ይቻላል፤ ደስም ይላል። ሌባ የሚያጋጥመው ጥቂቱን ነው። ብዙውን ሰው ቀኑን የሚያበላሽበት ይሉኝታ ነው። «ደክሞኛል»፣ «ይሄ ለኔ ውድ ነው»፣ «እዚያ አልሄድም» ማለት ይከብደናል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች ስታነቡ አንድ ነገር ያዙ፦ መነገር ያለበት ነገር ከመውጣታችሁ በፊት ይነገር።

መያዝ ያለባችሁ ነገሮች

- አገር ቤት እያላችሁ የተከፈተ ዋትስአፕ። እኛ ቴሌግራም ላይ ነን፤ ቱርኮቹና ሌሎቹ መንገደኞች ግን በአብዛኛው ዋትስአፕ ነው የሚጠቀሙት። ሲከፈት የማረጋገጫ ቁጥር በኤስኤምኤስ ወደ ኢትዮጵያ ስልካችሁ ይላካል። ሲማችሁ ውጭ አገር ካልሠራ ቁጥሩ አይደርሳችሁም።
- ቀድሞ ስልክ ላይ የወረደ የኢስታንቡል ካርታ። ኢንተርኔት ሲጠፋ መንገድ የሚያሳያችሁ እሱ ነው።
- ዶላር ወይም ዩሮ በጥሬው፣ ሁለት ቦታ ተከፍሎ። የአገር ቤት ካርድ እዚያ እንደሚሠራ ከባንካችሁ ሳታረጋግጡ አትተማመኑበት።
- ፓስፖርት፣ በተጨማሪም የፓስፖርቱና የቪዛው ፎቶ ኮፒ። ኮፒው ማረፊያ ይቀመጥ።
- ፓወር ባንክ።
- የማረፊያችሁ ስምና አድራሻ በቱርክኛ የተጻፈበት ወረቀት። ስልክ ሲዘጋ ለታክሲ ሹፌር የምታሳዩት እሱን ነው።
- ለሴቶች ነጠላ ወይም ሻርፕ፣ ለወንዶች ከጉልበት በታች የሚደርስ ሱሪ። መስጊድ ለማየት ያስፈልጋል።
- የለመዳችሁት ጫማ። ኢስታንቡል ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ አዲስ ጫማ ይዞ መውጣት እግር መጨረስ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰው የሚገናኝበት ማረፊያ ያዙ

ሆቴል ክፍል ገብታችሁ በሩን ከዘጋችሁ ማንንም አትተዋወቁም። የጋራ ሳሎንና የጋራ ቁርስ ያለው ሆስቴል ፈልጉ። ከሌላ ሰው ጋር መተኛት ካልተመቻችሁ ብዙ ሆስቴሎች ለብቻ የሚሆን ክፍልም አላቸው። ሴቶች ደግሞ የሴቶች ብቻ የሆነ ክፍል መጠየቅ ይችላሉ።

ሰፈሩን በተመለከተ ሱልጣንአህመት፣ ካራኮይ ወይም ካዲኮይ ይሁን። ሦስቱም ለትራም፣ ለሜትሮ ወይም ለጀልባ ቅርብ ናቸው። ለዕቃ ግዢ የምትሄዱ ላሌሊ ማረፋችሁ አይቀርም። ችግር የለውም፤ ብዙዎቹ የጅምላ ሱቆች እሁድ ስለሚዘጉ እሁድን ለከተማው አድርጉት።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ብቻችሁን ዙሩ

ከሰው ጋር ከመውጣታችሁ በፊት ብቻችሁን ወጥታችሁ መመለስ ቻሉ። ወደ ማረፊያው የሚወስደውን መንገድ የሚያውቀው ጓደኛችሁ ብቻ ከሆነ፣ እሱ እስኪጠግብ ድረስ መሄድ አትችሉም።

ኢስታንቡልካርት ግዙ። በየትራምና በየሜትሮ ጣቢያው ባሉት ማሽኖች ይሸጣል፤ ገንዘብም እዚያው ይሞላል። በትራም፣ በሜትሮ፣ በአውቶቡስም በጀልባም የሚያገለግለው ያው አንዱ ካርድ ነው። ከጓደኛ ጋር አንድ ካርድ መጋራት ይቻል ይሆናል፤ ግን የየራሳችሁን ያዙ። ካርዱ እሱ ኪስ ውስጥ ከሆነ ተለያይታችሁ መመለስ አትችሉም።

በባሕር ሥር የሚሄደውን ማርማራይ የሚባለውን ባቡር ስትጠቀሙ አንድ ነገር አትርሱ። ስትገቡ የሚቆረጥባችሁ የሙሉው ርቀት ዋጋ ነው። ስትወጡ ካርዱን የተመላሽ ማሽኑ ላይ ካስነካችሁ ያልሄዳችሁበት ይመለስላችኋል። ሳያስነካ የሚወጣ እንግዳ ብዙ ነው።

ገንዘብ አየር ማረፊያ ላይ ለመንገድ የሚበቃችሁን ብቻ ቀይሩ። ቀሪውን ከተማ ውስጥ «ዶቪዝ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ቤቶች ይቀይሩላችኋል። በተለይ ግራንድ ባዛር አካባቢ ብዙ ስለሆኑ እያነጻጸራችሁ መምረጥ ትችላላችሁ።

ደረጃ 3፦ መግቢያ የሚከፈልባቸውን ቦታዎች ብቻችሁን ጨርሱ

ይህን ምክር የሚያስገርመው ሰው አለ፤ እኔ ግን አጥብቄ ነው የምናገረው። አያሶፊያን (ሃጊያ ሶፊያን) ለማየት ከጥር 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ 25 ዩሮ እንዲከፍል ተደርጓል። ቶፕካፒና ዶልማባህቼ ቤተ መንግሥቶችም ርካሽ አይደሉም። አንዱ ጓደኛችሁ አቅሙ አይፈቅድም፣ ሌላው አይቶታል፣ ሦስተኛው እያንዳንዱን ጽሑፍ ማንበብ ይፈልጋል። በር ላይ ቆሞ መከራከር ይመጣል። ጠዋት በጊዜ ብቻችሁን ገብታችሁ በራሳችሁ ፍጥነት እዩ። ከሰው ጋር የሚጥመው መራመዱ፣ መብላቱና ጀልባው ነው።

ቀን ስትመርጡ ቶፕካፒ ማክሰኞ፣ ዶልማባህቼ ሰኞ፣ ግራንድ ባዛር እሁድ ዝግ መሆናቸውን አስቡ። የሱልጣን አህመት መስጊድ ነጻ ነው፤ በስግደት ሰዓት ግን ጎብኚ አያስገባም። ዓርብ ደግሞ እስከ ከሰዓት በኋላ መጠበቅ አለባችሁ።

ደረጃ 4፦ ሰው ስትጋብዙ ቦታና ሰዓት ይዛችሁ ጋብዙ

ሆስቴል ቁርስ ላይ አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው «ዛሬ ምን ትሠራለህ?» ብቻ ካላችሁት፣ «እንጃ» ይላችኋል፤ ወሬውም እዚያው ያልቃል። እንዲህ በሉት፦ «እኔ 10:00 ላይ በጀልባ ካዲኮይ ልሄድ ነው። ገበያውን አይቼ ባሕሩ ዳር ተቀምጬ ወደ ማታ እመለሳለሁ። ትመጣለህ?» ሰውየው ምን እንደሚመጣበት ስላወቀ መቀበልም እምቢ ማለትም ይቀለዋል። እምቢ ካለም እናንተ መሄዳችሁን አታቆሙም።

ሰዓት ሲነሳ አንድ ማሳሰቢያ። የኢስታንቡልና የአዲስ አበባ ሰዓት እኩል ነው፤ ስልካችሁ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። ስትቀጣጠሩ ግን በእኛ አቆጣጠር አትናገሩ። «ጠዋት አራት ሰዓት» በሐሳባችሁ ይዛችሁ አራት ብትሏቸው፣ እነሱ የሚጠብቋችሁ ከሰዓት በኋላ ነው። ስልክ ላይ እንደሚታየው 10:00 ብላችሁ ጽፋችሁ ላኩላቸው።

ሆስቴል ካላረፋችሁ ሱልጣንአህመት አካባቢ የሚነሱትን ነጻ የእግር ጉብኝቶች ሞክሩ። ነጻ ቢባሉም አስጎብኚው የሚኖረው መጨረሻ ላይ በሚሰጠው ጉርሻ ነው፤ የአቅማችሁን ስጡት። ጉብኝቱ ሲያልቅ አብረዋችሁ የተራመዱት ሰዎች ርቧቸዋል። ምሳ ለመጋበዝ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም።

ቁጥራችሁ ከእናንተ ጋር ከአራት አይብለጥ። የከተማው ታክሲ የሚጭነው አራት ሰው ነው። ሰው ሲበዛ ደግሞ እያንዳንዱን ነገር ለመወሰን ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ መቆም ይመጣል።

ደረጃ 5፦ ከመውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ተነጋገሩ

ይህ ከሁሉም ዋናው ደረጃ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

*የሚያልቅበት ሰዓት።* «እኔ እስከ 19:00 ነኝ» በሉ። ከተመቻችሁ ማራዘም ቀላል ነው። ሰዓት ሳይነገር ቀርቶ ማሳጠር ግን ሰበብ መፈለግ ይሆናል።

*ገንዘብ።* «ዛሬ ለምግብ ይህን ያህል ነው የማወጣው» ማለት ነውር አይደለም። ከአውሮፓም ከእስያም የሚመጡ ወጣት መንገደኞች አብዛኞቹ በቁጠባ የሚሄዱ ናቸው፤ እንዲያውም ቀድሞ የተናገረውን ያመሰግኑታል።

*ብንጠፋፋ የት እንገናኛለን?* «ጀልባው ጋ» አይበቃም። ኤሚኖኑ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ብዙ የጀልባ መሳፈሪያ አለ፤ መሀል ላይ ደግሞ የጉብኝት ቲኬት ሻጮች ይጣራሉ። «የካዲኮይ መሳፈሪያ፣ ካርድ የሚነካበት በር ፊት» በሉ። ካዲኮይ ውስጥ ከሆናችሁ የበሬው ሐውልት አለ፤ የከተማው ሰው ራሱ የሚቀጣጠረው እሱ ጋ ነው። ኢስቲክላል ጎዳና ላይ ደግሞ የጋላታሳራይ ትምህርት ቤት ትልቁ በር።

*መሄድ የፈለገ ይሄዳል።* ማንም ሳይቀየም፣ ምክንያት ሳይጠየቅ። ይህን ጮክ ብላችሁ ስትናገሩ ለሌሎቹም ነጻነት ትሰጣላችሁ።

ከዚህ በኋላ አገር ቤት ላለ አንድ ዘመድ የዋትስአፕ ቀጥታ መገኛ ላኩ። የ8 ሰዓት ምርጫ አለው፤ ለአንድ ቀን ውሎ ይበቃል። አብረዋችሁ የሚወጡትን ሰዎች ፎቶና ማረፊያችሁንም ጨምሩበት።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያውን ውሎ ካዲኮይ አድርጉት

ለምን ካዲኮይ? ሰው የሞላበት ነው፣ ርካሽ ነው፣ መመለሻውም ከአንድ በላይ ነው። ከአዲስ ሰው ጋር ስትወጡ ሦስቱም ያስፈልጋሉ።

ከኤሚኖኑ በጀልባ 20 ደቂቃ ያህል ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት መንገድ ላይ ካለው ጋሪ ሲሚት ግዙ፤ ሰሊጥ የፈሰሰበት ክብ ዳቦ ነው። ላይኛው ፎቅ ውጭ፣ በስተቀኝ ተቀመጡ። ጀልባው ሲነሳ የቶፕካፒ ግንቦችና የመስጊዶቹ ሚናራዎች በዚያ በኩል ናቸው። በግራ በኩል ባሕር መሀል ያለው ትንሹ የልጃገረድ ግንብ ይታያል። ሻይ በትሪ የሚያዞር ሰው ይመጣል። ሲሚት ወደ ላይ የሚወረውሩ ልጆች ታያላችሁ፤ የባሕር ወፎቹ አየር ላይ ይቀልቡታል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ወሬ ይጀምራል። ለዚህ ነው ከሜትሮ ይልቅ ጀልባውን የምመርጠው።

ስትወርዱ ገበያው ከፊት ለፊት ነው። ዓሣ፣ ወይራ፣ አይብ፣ ቅመም፣ በጨው የተዘፈዘፈ አትክልት። አትቸኩሉ። ከዚያ በእግር ወደ ሞዳ ውጡ። ሞዳ ባሕር ዳር ላይ ወደ ማታ የሰፈሩ ሰው ሣሩና ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ስትገባ ያያል። እናንተም ተቀመጡ፤ ቀኑ እዚያ ላይ ያምራል።

ለመመለስ ጀልባ አለ። ጀልባ ካመለጣችሁ ሜትሮ ይዛችሁ አንድ ፌርማታ ሄዳችሁ አይሪሊክ ቼሽሜሲ ላይ ወደ ማርማራይ ትቀይራላችሁ፤ ሲርኬጂ ስትወርዱ ኤሚኖኑ አጠገብ ናችሁ። የመጨረሻውን ጀልባ ሰዓት ግን ስትደርሱ መሳፈሪያው ላይ ፎቶ አንሱት።

ደረጃ 7፦ የማትበሉትን ከመቀመጣችሁ በፊት ተናገሩ

ምግብ ከቀረበ በኋላ «ጾመኛ ነኝ» ማለት ሁሉንም ያሳቅቃል። ረቡዕና ዓርብ ወይም የአጽዋማት ጊዜ ከሆነ ገና ስትነሱ ተናገሩና ቤቱን እናንተ ምረጡ።

ኢስታንቡል ጾመኛ አይራብባትም። ቺ ኮፍቴ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች በየሰፈሩ አሉ። ጥንት በጥሬ ሥጋ የሚሠራ ነበር፤ አሁን ሱቅ የሚሸጠው ከስንዴ ክክና ከቅመም የተሠራ፣ ሥጋ የሌለው ነው። አብሮ የሚመጣው አይራን ግን እርጎ ስለሆነ በውኃ አስቀይሩት። «ዘይቲንያሊ» የሚባሉት በወይራ ዘይት ተሠርተው ቀዝቅዘው የሚቀርቡ አትክልቶች ጥሩ ናቸው። የምስር ሾርባ ላይ ተጠንቀቁ፤ በሥጋ መረቅ ወይም በቅቤ ሊሠራ ስለሚችል ጠይቁ። ለሙስሊም አንባቢዎች ሥጋው አያስቸግርም፤ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት መግባት የማትፈልጉ ከሆነ ግን እሱንም ቀድማችሁ ተናገሩ።

ማታ መንገድ ላይ ሚድዬ ዶልማ የሚሉት ያጋጥማችኋል። በቅርፊቱ ውስጥ ሩዝ የተሞላ የባሕር እንስሳ ነው። ሻጩ ቅርፊቱን ከፍቶ ሎሚ ጨምቆ በእጃችሁ ይሰጣችኋል። ስትጨርሱ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። በቃ እስክትሉት አያቆምም፤ ሂሳቡን የሚሠራው ባዶ ቅርፊቱን ቆጥሮ ነው። ሃይማኖታችሁ የማይፈቅድ ከሆነ «አልበላም፣ አብሬያችሁ እቆማለሁ» በሉ። የአንዱን ዋጋም መጀመሪያ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ሂሳቡን በየግል ክፈሉ

እኛ ሂሳብ ሲመጣ መጋፋት ልማዳችን ነው። «ሞቼ ነው ቆሜ» እንላለን። አዲስ መንገደኞች መሀል ግን ሁሉም የራሱን ይከፍላል፤ ማንም አይከፋም። እናንተ የሁሉንም ከከፈላችሁ ሌላው ውለታ ውስጥ የገባ ይመስለዋል፣ እናንተም በሦስተኛው ቀን ገንዘባችሁ ያልቃል። መጋበዝ ካማራችሁ ሻይ ጋብዙ።

ቱርካዊ ወዳጅ ካገኛችሁ ነገሩ ይለያል። እንግዳ ማስከፈል እነሱም አይወዱም። አንዴ ሁለቴ ታግላችሁ ከከፈለ ተቀበሉ፤ ቀጥሎ ያለውን ሻይ እናንተ ያዙ።

ዋጋ ያለበት ሜኑ ሳታዩ አትዘዙ። በተለይ የዓሣ ቤት በኪሎ ነው በሰው ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 9፦ መመለሻችሁን አታዋጡ

ምግቡን፣ ወሬውን፣ ቀኑን ተካፈሉ። ፓስፖርት፣ ጥሬ ገንዘብ፣ የትራንስፖርት ካርድና የመመለሻ መንገድ ግን የየራሳችሁ ይሁኑ።

ማታ ታክሲ ከያዛችሁ ቢታክሲ በሚባለው መተግበሪያ ጥሩት፤ መንገዱና ዋጋው ይመዘገባል። ከመንገድ ላይ ከያዛችሁ ቆጣሪው መከፈቱን እዩ። ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ እስያ በኩል ካለው ካዲኮይ አውሮፓ በኩል ወዳለው ኤሚኖኑ፣ በታክሲ መሻገር ግን አይመከርም። አመሻሽ ላይ ድልድዩ ይጨናነቃል፣ የድልድይ ክፍያም ይጨመርባችኋል።

ማስጠንቀቂያ

- ማታ «ታክሲም» (Taksim) በሚባለው አደባባይ አካባቢ ብቻውን የሚሄድ ወንድ ዘንድ ቀርቦ «ከየት ነህ? እኔም እንግዳ ነኝ፤ ቢራ እንጠጣ» የሚል ሰው አለ። የሚወስዳችሁ እሱ የመረጠው ቤት ነው፤ ሂሳቡ ሲመጣ የማይከፈል ገንዘብ ይሆናል፤ በር ላይ ጠባቂዎች ይቆማሉ። መለያው ቀላል ነው። «እሺ፣ ግን እዚህ ጥግ ያለው ሻይ ቤት እንቀመጥ» በሉት። ካልተስማማ ተሰናበቱት።
- ማንም፣ የሀገር ሰውም ቢሆን፣ «ይህችን ዕቃ አገር ቤት አድርስልኝ» ካለ እምቢ በሉ። ሻንጣችሁ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም።
- መንገድ ላይ ፖሊስ መታወቂያ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ፓስፖርታችሁን በውስጥ ኪስ ይዛችሁ ውጡ። ፖሊስ ነኝ ብሎ የኪስ ቦርሳችሁን ወይም ገንዘባችሁን ላየው የሚል ሰው ካጋጠመ «ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ» በሉ።
- ፊታችሁ ብሩሽ ጥሎ የሚያልፍ ሊስትሮ ካያችሁ አንስታችሁ ስትሰጡት ለማመስገን ብሎ ጫማችሁን ይጠርግና ገንዘብ ይጠይቃል። ዝም ብላችሁ እለፉ።
- ለታክሲ ትልቅ ኖት ስትሰጡ «ሁለት መቶ» ብላችሁ ቁጥሩን እያሳያችሁ ስጡ። በትንሽ ኖት ለውጦ «የሰጠኸኝ ሃያ ነው» የሚል አለ።
- መጠጣችሁን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትነሱ። የሻይ ብርጭቆም ይሁን።
- የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 112 ነው። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያለው አንካራ ስለሆነ ስልኩን ከመነሳታችሁ በፊት መዝግቡ።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

በመጀመሪያው ቀን ሩቅ መሄድ። የልዑላን ደሴቶች ውብ ናቸው፤ ነገር ግን የምትመለሱት በጀልባ ብቻ ነው። ካልተስማማችሁት ሰው ጋር ደሴት ላይ ቀኑን መግፋት ይከብዳል። ከካዲኮይ በኋላ ደስ ካላችሁ አብራችሁ ሂዱ።

ያሉበትን ቦታ በቅጽበት ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ መለጠፍ። ማረፊያ ስትገቡ ለጥፉት። የጓደኞቻችሁ ፊት ካለበት ደግሞ መጀመሪያ ጠይቁ።

ለአዲስ ጓደኛ ገንዘብ ማበደር። «ካርዴ አልሠራ አለኝ» እውነትም ሊሆን ይችላል። ምሳውን ክፈሉለት፣ የጀልባ ካርዳችሁን አስነኩለት። ዶላር ቆጥራችሁ ግን አትስጡ።

ቤቱ የጋበዛችሁን ሰው ብቻችሁን መከተል። የቱርክ ቤተሰብ እንግዳ መውደድ ያስደንቃል፤ ግብዣውም ብዙ ጊዜ ከልብ ነው። ሁለት ሆናችሁ፣ በቀን፣ አድራሻውን ለሌላ ሰው ልካችሁ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን አትግቡ፤ ባቅላቫ ወይም ከአገር ቤት የያዛችሁትን ቡና ውሰዱ።

ስልክ ቁጥር ሳይለዋወጡ መለያየት። ጠዋት የአንዱ አውቶቡስ ቀድሞ ይነሳል፤ ፎቶዎቹም እሱ ስልክ ውስጥ ይሄዳሉ። የዋትስአፕ ቡድኑን ጀልባ ላይ እያላችሁ ክፈቱት፤ ፎቶዎቹንም ማረፊያው ዋይፋይ ላይ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ተላላኩ።